የአሳማ ቆሽትና የአክስቴ ስም

ሃአፓይ፣ ቶንጋ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1997

ለወንድሜ ልጅ ለካሎላይኔ፤

ባሕሩን በመካከላችን ዘርግቶ ደብዳቤውን ግን የሚያሻግርልን አምላክ ይመስገን። አንቺ በዚያ ብርድ አገር፣ እኔ በዚህ ሙቀት፣ ሁለታችንም ለዛሬዋ ቀን በቅተናል። መጋቢው፣ ዘማሪዎቹ፣ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም ብለውሻል። ሰላም ያላለሽ ቀልደኛው ሞሴሴ ብቻ ነው፤ እሱም አፉ ስለማያርፍለት እንጂ ጠልቶሽ አይደለም።

ፎቶግራፍሽ ደርሶኛል። ነጭ ልብስ፣ ነጭ ቆብ፣ ነጭ ጓንት፤ አፍንጫሽ እንኳ ተሸፍኖ ዓይንሽ ብቻ ነው የሚታየው። ዓይንሽ ግን የነፍስ ኄር ወንድሜ የሰሚሲ ዓይን ስለሆነ አልተሳሳትኩም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለሰዉ ባሳይ ሞሴሴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቶአካሴ፣ የወንድምሽ ልጅ ኒውዚላንድ ድረስ ሄዳ አሳማ አጣቢ ሆነች አሉ። ለአሳማ ማጠብ ከሆነማ እዚሁ ሥራ ሞልቶልን የለ! የኔዎቹ ከተወለዱ ውሃ ነክቷቸው አያውቅም።» ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ቤቴ ስገባ ግን ከነከነኝ። ሠላሳ ዓመት አስተማሪ ሆኜ ኖሬ፣ ያሳደግኳት ልጅ ምን እንደምትሠራ ለሰው ማስረዳት ሲያቅተኝ አፈርኩ።

ስለዚህ በወጉ ጻፊልኝ። አሳማውን ምን ታደርጉታላችሁ? ለምንስ ነው እንደዚያ የምትሸፋፈኑት?

የኔ ነገር ያው ነው። ስኳሩ አለ። ነርስ አሜ በየሁለት ሳምንቱ በጀልባ ትመጣለች፣ ጣቴን ትወጋለች፣ ደሜን ታያለች፣ ፊቷን ታጨፈግጋለች።

«አክስቴ፣ ትናንት ምን በሉ?»

«የታሮ ሥር።»

«ከምን ጋር?»

«ከጸሎት ጋር።»

አትስቅም ይህች ልጅ። የበግ ስቡን እንዴት እንደምታውቅብኝ እንጃ።

ሰፋ ያለ የጥጥ ካልሲ ካገኘሽ ላኪልኝ። እግሬ ጫማ እንቢ ብሎኛል።

የአባትሽ እህት
ቶአካሴ

*

ኦክላንድ
ማርች 14 ቀን 1997

ለተከበሩ አክስቴ ለቶአካሴ፤

ከእግርዎ በታች ሆኜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እስከ ዛሬ ያቆየን አምላክ ወደ ፊትም አይለየን። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገና አልጀመረም።

ለሞሴሴ ግማሹን ልክ ነህ ይበሉልኝ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ለማጠብ ነበር፤ የማጥበው ግን አሳማ ሳይሆን ብርጭቆ ነው። የላቦራቶሪ ብርጭቆ። አንድ ቀን መቀስ የሚይዝ ሰው ጎደለና አለቃችን ዶክተር ሃርግሪቭ እኔን ሞከረኝ። ትንሽ ቆሞ ካየ በኋላ «እጅሽን እንዲህ ማን አስለመደው?» አለኝ። የአባቴ እህት ናት፣ ለምንጣፍ የሚሆን ቅጠል ስታሰነጥቀኝ፣ ቀጭን ካልሆነ እያፈረሰች ስታስጀምረኝ አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ብርጭቆ አላጠብኩም።

ሥራችን ይህ ነው። አሳሞቹ ከሌላ አሳማ ጋር ተገናኝተው የማያውቁ ናቸው። ጋጣቸው የሚገባ ሰው ገላውን ታጥቦ ልብስ ቀይሮ ነው። ውሃቸው የተጣራ፣ መኖአቸው የተመረመረ። እኛ አገር ባሕሩ ሲሸሽ ሸርጣን ፍለጋ የሚራወጡትን አሳሞች እነዚህ ቢያዩ ዘመዶቻችን ናቸው አይሉም። ግልገሎቹ ሰባት ቀን ሲሞላቸው ያስተኟቸዋል፤ ምንም አይሰማቸውም። ከዚያ ቆሽታቸው ይወጣል። ቆሽት ማለት ከጨጓራ ኋላ ያለው ለስላሳ ሥጋ ነው፤ ለድግስ ሲታረድ ወንዶቹ ለውሻ የሚወረውሩት። ኢንሱሊን የሚሠራው እሱ ነው።

ቆሽቱን በረዶ ላይ አድርገን በመቀስ እንከታትፋለን፣ ከሩዝ ፍሬ እስኪያንስ። ከዚያ ሥጋ የሚያላላ ነገር በገባበት ለብ ያለ ውሃ እንንጠዋለን። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ደቂቃው ካነሰ ህዋሶቹ ከሥጋው አይላቀቁም፤ ከበዛ ራሳቸው ይሟሟሉ። ሁሉም ሰዓት ያያል። በጊዜው ቀዝቃዛ ፈሳሽ እናፈስበታለን፣ እናጠልለዋለን፣ እናጥበዋለን፣ ደግመን እናጥበዋለን። የተረፈው የሰው ገላ ያህል በሚሞቅ ቁምሳጥን ውስጥ ምግብ በያዘ ፈሳሽ ተዘፍዝፎ ቀናት ይቆያል። በመጨረሻ ጥቂት ቀንሰን ቀለም ጠብ ስናደርግበት ኢንሱሊን የሚሠሩት ብቻ ተለይተው ይቀላሉ። እነሱን በማይክሮስኮፕ የምቆጥረው እኔ ነኝ። ዶክተሩ እኔ የቆጠርኩትን ደግሞ አይቆጥርም።

ያልነገርኩዎት አንድ ነገር አለ፤ ሲሰሙት ደስ ይልዎታል። የሰው ገላ ባዕድ ናችሁ ብሎ እንዳያጠፋቸው ልብስ እናለብሳቸዋለን። ልብሱ የሚሠራው ከባሕር አረም ነው! እርስዎ በኮኮናት ወተት የሚሠሩት አረም ዘመድ ነው። ጠብታ ጠብታ ሆኖ በቀጭን ቱቦ ሕመምተኛው ሆድ ውስጥ ይገባል።

እስካሁን የተሰጣቸው ስምንት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁሉም ስኳሩ ከልጅነታቸው ጀምሮ የያዛቸው፣ የገዛ ቆሽታቸው ምንም ኢንሱሊን የማይሠራላቸው ናቸው። ይረዳ አይርዳ ገና እየታየ ነው። አንዲት ሴት ግን መርፌዋን በቀን ከአራት ወደ ሁለት ቀንሳለች ይባላል።

ካልሲውን ፈልጌ እልካለሁ። አሜ የምትልዎትን ይስሙ።

የወንድምዎ ልጅ
ካሎላይኔ

*

ሃአፓይ
ኤፕሪል 20 ቀን 1997

ለወንድሜ ልጅ ለካሎላይኔ፤

በፋሲካው ደስታ ሰላም እልሻለሁ። ትንሣኤውን ያሳየን ጌታ የልፋትሽን ዋጋ ይክፈልሽ።

ደብዳቤሽን ከእሑዱ አምልኮ በኋላ መጋቢው ራሱ «አንብቢልን» አለኝና ቆሜ አነበብኩት። ስለ መቀሱ ሳነብ ሴቶቹ አለቀሱ። ስለ ባሕር አረሙ ሳነብ አጨበጨቡ። ሞሴሴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘጋ። አይበቃውምና ከደጅ ቆሞ ጠበቀኝ፦ «እንግዲህ ቶአካሴ፣ አንቺም ይህን ነገር ሆድሽ ውስጥ ካስገባሽ ለቤተ ክርስቲያኑ ዓመታዊ ጉባኤ ድግስ ስናርድ ተጠንቅቀን ነው፤ የትኛዋ አንቺ እንደሆንሽ ምን እናውቃለን!» ምራቄ ትን እስኪለኝ ሳቅኩ።

ነገር ግን ካሎ፣ ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም። «ሆድሽ ውስጥ ካስገባሽ» አለ።

አሜ ክኒኑ አልበቃም፣ መርፌ እንጀምር ትለኛለች። በቀን ሁለቴ፣ ዕድሜ ልክ። የናትሽ አጎት መርፌ በጀመረ በዓመቱ መሞቱን ታስታውሻለሽ። አሜ «መርፌው አይደለም የገደለው፣ ዘግይቶ መጀመሩ ነው» ትላለች። ይሁን። እኔ ግን እፈራለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ላንቺ ስጽፈው እንኳ እጄ ያፍራል።

ስለዚህ ስሜን አስጽፊልኝ። ዘጠነኛዋ ልሁን። አባትሽ በሕይወት ሳለ ጠይቄው የነፈገኝ ነገር የለም። አንቺንም እስከ ዛሬ ምንም ጠይቄሽ አላውቅም፣ ካልሲ ካልሆነ በቀር። ዛሬ እጠይቅሻለሁ። የአባትሽ እህት ነኝ፤ ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልገኝም።

ቶአካሴ

*

ኦክላንድ
ጁን 2 ቀን 1997

ለተከበሩ አክስቴ፤

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለመልሱ በመዘግየቴ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ስምዎ ተጽፏል። በአዲሱ ዝርዝር ሦስተኛ ነዎት። ዶክተር ሃርግሪቭ ስምዎን መጻፍ አቅቶት ፊደሉን ያቃናሁለት እኔ ነኝ። መቼ እንደሚሆን ገና አልተቆረጠም።

ካልሲዎቹ አራት ጥንድ ናቸው። ሰፋፊዎቹ ጠፍተው የወንድ ነው የገዛሁት፤ አይቀየሙኝ።

ብርዱ ገብቷል። የቀረውን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፣ አሁን ቸኩያለሁ።

ካሎላይኔ

*

ሃአፓይ
ጁላይ 3 ቀን 1997

ለማትረሳኝ ለወንድሜ ልጅ፤

ምን ብዬ ልመርቅሽ? እጅሽ አይዛል። ዓይንሽ አይድከም። ከወለዱት በላይ የሆንሽልኝ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እዪ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዓርብ ነው። እሑድ በምስክርነት ሰዓት ተነሥቼ ጌታን አመሰገንኩ። «ሦስተኛ ነኝ» አልኩ፣ ሦስት ጣቴን ዘርግቼ። ወንዶቹ በካቫ መጠጣቸው ዙሪያ ተሰብስበው ስምሽን ሲጠሩ አመሹ። ሞሴሴ ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሲያገኘኝ «ሦስተኛዋ!» እያለ ይጠራኛል።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ነጠብጣቧን እናት አሳማዬን ታውቂያታለሽ። በድንጋይ አጠርኳት። ባሕር ዳር መውረድ ቀርቷል፤ የዝናብ ውሃ ነው የምትጠጣው። ጠዋት ጠዋት በሳሙና አጥባታለሁ። ከሌላ አሳማ ጋር አትገናኝም፤ አንቺ እንደጻፍሽው ማለት ነው። ምናልባት ለእኔ የሚሆነው ከእኔው አሳማ ቢወሰድ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። የማይሆን ከሆነም ለሐኪሙ ስጦታ ትሁን፤ ባዶ እጅ አይኬድም። በመርከብ መላክ ይቻል እንደሆነ ጠይቂልኝ። መንደሩ በሳቅ አልቋል። ልጆቹ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ሊያይዋት ይመጣሉ፤ እኔ ደግሞ እጃችሁን ታጠቡ እያልኩ አባርራቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት የጉባኤው ድግስ አስተናባሪ ፊናው መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ «ቶአካሴ፣ ለአለቆቹ ማዕድ ትልቅ አሳማ ጎድሎናል» አለኝ።

«ይቺ አትሆንም» አልኩት።

«እንዴት አትሆንም?»

«የሕክምና ናት።»

ቆሞ አየኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ጉባኤ ሲመጣ ከእኔ ቤት አሳማ ሳይወጣ ቀርቶ አያውቅም። «እሺ» ብሎ ሄደ። በጉባኤው ቀን የክብር ምንጣፌን እንደ ወጋችን ወገቤ ላይ አስሬ ሄድኩ፤ ስበላ ግን ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ደግነቱ ምክንያቱን ያውቃሉ።

ለአሜም መርፌሽን ወዲያ በይው ብያታለሁ። በግራ እግሬ ትንሿ ጣት ላይ ቁስል ነገር ወጥታለች፣ ካልሲሽ ሸፍኖልኛል። አሜ «በሚቀጥለው ጀልባ ፓንጋይ ሆስፒታል እንሂድ፣ ሐኪም ይያት» ትላለች። የወንድሜ ልጅ ሐኪሞች እስኪጠሩኝ እቆያለሁ አልኳት። ተቆጥታ ሄደች።

ቀኑን አሳውቂኝ።

አክስትሽ ቶአካሴ

*

ኦክላንድ
ኦገስት 17 ቀን 1997

ለተከበሩ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ዶክተር ሃርግሪቭ ውጭ አገር ሄዷል። ሲመለስ ስለ ቀኑ እጠይቀዋለሁ። አሳማዋን መላክ አይፈቀድም፤ ስለ ደግነትዎ ግን አመሰግናለሁ።

እስከዚያው መርፌውን ቢጀምሩ አይከፋም። ሁለቱ አይጣሉም። ፓንጋይም ቢሄዱ ጥሩ ነው። አሜ ጎበዝ ልጅ ናት። እባክዎ ይጀምሩ። እስከዚያው ብቻ።

ሁለት የቁስል ቅባት ልኬያለሁ።

ካሎላይኔ

*

ሃአፓይ
ሴፕቴምበር 6 ቀን 1997

ለካሎላይኔ፤

እግዚአብሔር ይመስገን። ቅባቱ ደርሷል።

ፊደሌ ስለተለቀ አትሳቂብኝ፤ መስመሩ አልታይ እያለኝ ነው።

ዝናብ የለም። የያም ሥሩ ተተክሏል። ሐኪሙ በሰላም ይመለስ።

ስለ እግሬ አትጨነቂ።

ቶአካሴ

*

ኦክላንድ
ሴፕቴምበር 28 ቀን 1997

ለአክስቴ፤

ዛሬ ሰላምታ እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። መርቀው የጻፉልኝን ሁሉ መልሰው ቢወስዱት ይገባኛል።

ስምዎ አልተጻፈም። ከመጀመሪያውም አልተጻፈም። ዶክተር ሃርግሪቭን አልጠየቅኩትም፤ ፊደሉንም አላቃናሁም። ሦስተኛ የሚባል ነገር የለም። ሁሉንም ከራሴ አውጥቼ ነው የጻፍኩት።

የእርስዎ ስኳር ሌላ ዓይነት መሆኑን አውቅ ነበር። የእርስዎ ቆሽት ኢንሱሊን መሥራቱን አልተወም፤ ገላዎ ነው የማይሰማው። የአሳማ ህዋስ ቢገባልዎም ለዚህ የታሰበ አይደለም። ይህን በሥራዬ በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያስተማሩኝ። የኤፕሪሉን ደብዳቤዎን ሳነብ መልሱን አውቀው ነበር። ስድስት ሳምንት በየቀኑ ወረቀት አወጣለሁ፤ «አይሆንም» የሚለውን ቃል ልጽፍ ስል እጄ አይታዘዘኝም። በመጨረሻ «ተጽፏል» ብዬ ጻፍኩ፤ ያንን ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

የጁላይ ደብዳቤዎ ሲመጣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት። ሳሙናውን ሳነብ፣ ፊናው ባርኔጣውን አውልቆ መቆሙን ሳነብ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ እንኳ እውነቱን አልጻፍኩም። ዶክተሩን ውጭ አገር ላክሁት። እሱ በዚያ ሳምንት ከእኔ ሁለት ወንበር አልፎ ተቀምጦ ነበር።

ትልልቅ ፊደልዎን ሳይ ግን አልቻልኩም። ፖስታውን ይዤ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ አጠገቤ የምትሠራው ሳሮጂኒ አየችኝ። የፊጂ ሕንድ ናት፣ ምላሷ ስለት ነው። ሁሉንም ነገርኳት።

«ታዲያ መጀመሪያውኑ አይሆንም ብለሽ አትጽፊላትም ነበር?»

«በእኛ አገር ለአባት እህት አይሆንም አይባልም።»

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም። አይባልም፣ አለቀ።»

«እኔም አክስት አለችኝ። በሳምንት አምስቴ እምቢ እላታለሁ፤ ይኸው ሰባ ዓመቷ ነው፣ ከእኔ በላይ ትበላለች።» ከዚያ ደብዳቤዎን ከእጄ ወስዳ የፊደሉን መጠን አየች። መቀለዷን አቆመች። «ተነሽ፣ ዶክተሩ ጋ እንሂድ» አለችኝ።

ሃርግሪቭ ሰምቶ ሲያበቃ አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሴትየዋ አሁን ምን መድኃኒት እየወሰደች ነው?» ምንም፣ እኛን እየጠበቀች ነው አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ቁስል አላት?» አዎ አልኩ። «ካሎላይኔ፣ ዛሬ ጻፊ። ነገ አይደለም።»

አክስቴ፣ በዚህ ላቦራቶሪ የምታመነው በመቁጠሬ ነው። አንድ ህዋስ ቢያጠራጥረኝ ሌላ ሰው ጠርቼ አሳያለሁ እንጂ ገምቼ አልጽፍም። ለማላውቃቸው ስምንት ሰዎች እንዲህ እየተጠነቀቅኩ፣ ለእርስዎ ግን ባዶውን ቆጥሬ ላክሁልዎ። ያሳደጉኝን ሰው እንዲህ አደረግኩ። ፊቴን በመስታወት ማየት አቅቶኛል።

ጀልባው ዛሬ ካለ ዛሬ ይሂዱ። መርፌውን ይጀምሩ። ከዚያ በኋላ እንደ ልጅዎ ባይቆጥሩኝም አይከፋኝም።

ካሎላይኔ

*

ሃአፓይ
ኖቬምበር 23 ቀን 1997

ለወንድሜ ልጅ ለካሎላይኔ፤

ይህን የሚጽፈው የነርስ አሜ እጅ ነው፤ ቃሉ የኔ ነው። ከተናገርኩት ላይ አንድም ቃል እንዳትቀንስ አስምያታለሁ። ሁለታችንን በሕይወት ያቆየ አምላክ ይመስገን፤ ይህንን ዛሬ የምለው ለወጉ አይደለም።

ደብዳቤሽ ሲመጣ እቤት አልነበርኩም። ሴፕቴምበር ሀያ ላይ ራሴን ስቼ አሜ በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ጭናኝ ነበር። ከፓንጋይ ወደ ዋና ከተማው፣ ወደ ኑኩአሎፋ ሆስፒታል አሳለፉኝ። ግራ እግሬን ከጉልበቴ በታች ቆረጡት። ደብዳቤሽን ያነበበችልኝ አሜ ናት፣ በኖቬምበር፣ ስመለስ።

አታልቅሺ። አሁን የምነግርሽን ስሚ፤ ምክንያቱም ካንቺ ይልቅ የማፍረው እኔ ነኝ።

በማርቹ ደብዳቤሽ «ከልጅነታቸው ጀምሮ የያዛቸው» ብለሽ ጽፈሽ ነበር። አስተማሪ ነኝ፤ ማንበብ አውቃለሁ። አይቼዋለሁ። በቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳነብ ያንን መስመር ዘለልኩት። ከዚያ እንደማይሆን እየጠረጠርኩ ጠየቅኩሽ። እምቢ እንደማትዪኝ አውቅ ነበር። መርፌ ፈርቼ፣ አባትሽ ያልከለከለኝን መብት አንዲት ልጅ ላይ ጫንኩት። «ተጽፏል» ስትዪኝ አመንኩሽ፣ ማመን ስለፈለግኩ።

የኦገስቱ ደብዳቤሽ ሲመጣ ግን ገባኝ። «እስከዚያው፣ እስከዚያው ብቻ» አልሽ። ውሸት ያልለመደ ሰው እንዲህ ነው የሚለምነው። የድሮውን ደብዳቤ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት፤ ያን ጊዜ የቀረኝ ጥርጣሬ አልነበረም።

ታዲያ ለምን ያን ቀን ወደ ጀልባው አልሄድሽም ትዪኛለሽ። አሜም ይህንኑ እየጠየቀችኝ ነው፤ ብዕሩን ይዛ ታለቅሳለች። (አዎ አለቅሳለሁ። አሜ ነኝ።)

ሦስት ጣቴን ዘርግቼ ለምእመናኑ መስክሬ ነበር። ለጉባኤው አሳማ ነፍጌ ነበር። መርፌ ብጀምር «የወንድምሽ ልጅ ነገርስ የት ደረሰ?» ይሉኛል። ያኔ ስምሽ በየካቫው ቤት ውሸታም ተብሎ ይነሣል። ጣቷ ስትጠቁር እያየሁ አንድ ሳምንት ልቆይ አልኩ። ደግሞ አንድ ሳምንት። ምናልባት በመካከሉ አንድ ነገር ይሆናል፣ ምናልባት የእውነት ስሜን ታስጽፊዋለሽ። እንዲህ እያልኩ ነው እግሬ የሄደው።

ባለፈው እሑድ ሁለት ሰዎች ይዘውኝ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። በምስክርነት ሰዓት እጄን አወጣሁ። «ካሎላይኔ ከመጀመሪያው አይሆንም ብላ ጽፋልኝ ነበር» አልኩ። «ሦስተኛ ነኝ ያልኩት እኔ ነኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ጉባኤውንም የነፈግኩት በውሸት ነው።» ሞሴሴ እንኳ አንገቱን ደፋ። ማክሰኞ ዕለት ከጓሮው እንጨት የጠረበውን ምርኩዝ ደጄ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ፊናው ግን እስካሁን ሰላም አይለኝም። ሴቶቹም ከዘማሪዎቹ መካከል አውጥተውኛል፤ ውሸት የተናገረ አፍ ለተወሰነ ጊዜ ዝም ይበል ነው የሚሉት። ይገባኛል።

አሳማዋን አጥሯን አፍርሼ ለቅቄያታለሁ። ባሕር ዳር ከሌሎቹ ጋር ትቆፍራለች፤ የታጠበችም አትመስል። ራሴን መውጋት እስክለምድ አሜ እዚሁ ሰንብታ መርፌውን በቀን ሁለቴ ትወጋኛለች። የፈራሁትን ያህል አያምም፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያሳፍረኛል።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ይለቅ። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፣ ማግባት፣ መውለድ፣ ወደ መንደርሽ ቀና ብለሽ መግባት አለብሽ። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ሐሜቱን ይዤው እሞታለሁ። ለመጋቢውም፣ ለዘመድም፣ ለማንም እውነቱን እንዳትጽፊ። ይህን እጠይቅሻለሁ። የአባትሽ እህት ነኝ።

ቶአካሴ

*

ኦክላንድ
ዲሴምበር 9 ቀን 1997

ለአክስቴ ለቶአካሴ፤

አምላክ መርፌውን ይባርክልዎ። የነርስ አሜን እጅ ይባርክ። ይህን ደብዳቤ አሜ ጮክ ብላ ታንብብልዎ፤ ደጁ ላይ ሰው ቢኖርም አትተው።

ደብዳቤዎን አሥር ጊዜ አነበብኩት። ከሳሮጂኒ በቀር ለማንም አላሳየሁም፤ እሷም አንብባ ስታበቃ ሻይ አፍልታ አመጣችልኝ። ለሦስት ቀን መቀስ አልያዝኩም። ዶክተሩ እረፍት ውሰጂ ብሎኛል። መርከቡ ዲሴምበር ሀያ ስድስት ፓንጋይ ይደርሳል፤ ተሳፋሪ ነኝ።

ለመጋቢው ጽፌያለሁ። ደብዳቤው ከዚህኛው ጋር በአንድ ከረጢት ነው የመጣው፣ ስለዚህ አሁን እጁ ገብቷል። ያልጻፍኩትን «ተጽፏል» ማለቴን፣ ሦስተኛ ማለቴን፣ ዶክተሩን በሐሰት ውጭ አገር መላኬን ሁሉንም ጽፌለታለሁ። እሑድ እንዲያነበው ለምኜዋለሁ። ካላነበበው ስመጣ ራሴ ቆሜ እናገራለሁ። ፊናው ሰላም መንሣት ያለበት እኔን ነው። ከመዝሙሩም መውጣት ያለብኝ እኔ ነኝ። እርስዎ ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ።

የጠየቁኝን አውቃለሁ። ማን ሆነው እንደጠየቁኝም አውቃለሁ። አባቴ ለእርስዎ ይህን ቃል ሳይናገር ነው የሞተው፤ እኔም ብሆን እንደሱ ልሞት አስቤ ነበር። ያንኑ ቃል በጁን ጽፌልዎ ቢሆን ኖሮ ተቀይመውኝ፣ አኩርፈውኝ፣ በሁለት እግርዎ እየሄዱ ለጎረቤት ሁሉ ያሙኝ ነበር።

እምቢ፣ አክስቴ።

የወንድምዎ ልጅ
ካሎላይኔ